ዜግነት የሚታጣበት ሕግና የሞያሌ ወሰን ታሪክ

ዜግነት ማለት ሰውን ከመንግሥት ጋራ የሚያስተሣሥር የሕግ ማሰሪያ ነው። በዚህ ማሰሪያ ምክንያት ዜጋው ለአገሩ ግብር ይከፍላል፣ ሕግ ያከብራል፣ ሲጠራም ለመከላከል ይቆማል፤ መንግሥቱም በበኩሉ ይጠብቀዋል፣ ፍርድ ይሰጠዋል፣ በባዕድ አገር ሳለም ይሟገትለታል። ማሰሪያው የተበጠሰበት ሰው ግን በሱቁ እየነገደ፣ ከብቱን እያሰማራ፣ ልጆቹንም እያስተማረ ሳለ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ስለዚህ መንግሥታት ዜግነት እንዴት እንደሚገኝ በሕግ እንደሚደነግጉ ሁሉ፣ በምን ምክንያት ሊታጣ ወይም ሊገፈፍ እንደሚችልም አጥርተው መደንገግ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ነገር ለመናገር ከሞያሌ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። የሰሜኑ ክፍል የኢትዮጵያ ነው፤ የደቡቡ ክፍል፣ ሄሉ የተባለው ሰፈር ያለበት፣ የኬንያ ነው። በሄሉ የሚኖር ሰው ዘመዱን ለመጠየቅ፣ ጤፍ ለመሸመት ወይም ለቅሶ ለመድረስ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ይሻገራል፤ በዚያው ቀንም ተመልሶ በቤቱ ያድራል። ታዲያ በእንዲህ ያለ ስፍራ የአንዱ መንግሥት ሕግ ስለ ዜግነት የሚናገረው ቃል ለሌላው ወገን ሰው ሩቅ ነገር አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በወሰን ከተማ ዜግነቱን በፍርድ ወይም በሚኒስትር ትእዛዝ የተገፈፈ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው፤ ሳይገፈፍ የሚያጣው ግን ይበዛል። አንዱ የሌላ አገር ወረቀት በመያዙ እንደ ተወው ይቈጠርበታል፤ ሌላውም የአያቱን የትውልድ ቦታ ማስረዳት ባለመቻሉ ዜግነቱ ይጠረጠርበታል። ሦስቱን መንገዶች፣ ማለት መገፈፍን፣ መተውንና መጠርጠርን፣ ለይቶ የማያውቅ ሰው መብቱን የሚጠይቅበትን በር አያገኝም። ነገሩም ከታሪክ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ከመነሻው ጀምረን እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

የወሰኑ መነሻ

በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የኢትዮጵያና የብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ ወሰን ተለየ። ከውሉ አስቀድሞ የእንግሊዝ መኰንን ካፒቴን ሞድ አገሩን እየዞረ የወሰኑን መሥመር በካርታ ላይ አስፍሮ ነበር፤ ከውሉ በኋላም ሻለቃ ግዊን ሌላ የወሰን ጥናት አደረገ። በእነዚያ ዓመታት ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ በእንግሊዝ መንግሥት ተቀጥሮ የወሰን ተቈጣጣሪ ሆኖ በቦረና ምድር ይሠራ ነበር። እነዚህ ሰዎች የለኩት ተራራውንና ጕድጓዱን ነው፤ ሕዝቡን ማንነቱን አልጠየቁትም። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ሳኩዬውና አጁራኑ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ በዝናም ጊዜ ወደ አንዱ፣ በድርቅ ጊዜ ወደ ሌላው ወገን ይሄድ ነበርና መሥመሩ በመካከሉ ዐለፈ።

ይሁን እንጂ ውል ጸሐፊዎቹ ይህን ፈጽመው አልዘነጉትም። በሁለቱም ወገን የሚኖሩ ጐሣዎች እንደ ጥንቱ በማዶ ባለው ግጦሽ እንዲጠቀሙና ወደ ውኃ ጕድጓዶች ያለ ክልከላ እንዲደርሱ በውሉ ተፈቅዶላቸዋል። ነገር ግን ተሻግረው በሚቆዩበት ጊዜ በዚያ ምድር ሹም ሥልጣን ሥር እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚህ አንቀጽ ውስጥ የኋላው ችግር ፍሬ ተቀምጦ ነበር። ውሉ ሰውየው የትኛውን ሹም መታዘዝ እንዳለበት ተናገረ፤ የማን ተገዥ እንደ ሆነ ግን አልተናገረም። ለከብት የሚሆን ሕግ ተጻፈ፤ ለባለ ከብቱ የሚሆነው ግን ለኋለኛው ዘመን ተተወ።

ከአርብቶ አደሩ ሌላ ገበሬና ነጋዴም በከተማይቱ ተሰበሰበ። ከቡርጂ ደጋ የወረዱ አራሾች በሞያሌና በማርሳቢት ሠፈሩ፤ ከመሐል አገር የመጡ ወታደሮችና ነጋዴዎችም በሰሜኑ ክፍል ቤት ሠሩ። ከጊዜ በኋላ እነዚህ ሰዎች በመጡበት አገር ሳይሆን ልጆቻቸው በተወለዱበት አገር ይታወቁ ጀመር። ሕጉ ግን ሁልጊዜ እንደዚህ አላየውም።

የ1922 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ የዜግነት ሕግ ያወጣችው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መንግሥታት በሔግ ከተማ ተሰብስበው ማን ዜጋዬ ነው ብሎ መወሰን የእያንዳንዱ መንግሥት ሥልጣን መሆኑን በውል አጽንተው ነበር። የኢትዮጵያው ሕግ መሠረቱ ደም ነው። በኢትዮጵያም ይወለድ በውጭ አገር፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በዚያ ዘመን በብዙ አገሮች ሕግ የልጅ ዜግነት በአባት ብቻ ይቈጠር ስለ ነበር፣ እናትን ከአባት እኩል ያነሣው ይህ አንቀጽ የሚያስመሰግን ነው።

ዜግነት የሚታጣበትን ምክንያት ግን ይኸው ሕግ በጥቂት ቃል ወሰነው። አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት ያጣል። ሁለተኛ፣ የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባልዋን ዜግነት ካገኘች የራስዋን ታጣለች። ከእነዚህ በቀር መንግሥት በወንጀል ወይም በክሕደት ምክንያት የተወላጁን ዜግነት የሚገፍበት አንቀጽ አልተጻፈም። ዜግነቱን በዚህ ዓይነት ያጣ ተወላጅም ወደ አገሩ ተመልሶ ለመኖር ቢፈልግና ቢያመለክት እንዲመለስለት መንገድ ተከፍቶለት ነበር።

ይህ ሕግ ለሰባ ሦስት ዓመታት ያህል ጸንቶ ቆየ። ዘውድ ወርዶ ወታደራዊ መንግሥት ሲተካ፣ ያም ወድቆ ሌላ ሲቆም፣ የዜግነቱ ሕግ እንደ ነበረ ነበረ። የሌላ አገር ዜግነት ተቀብለሃል የሚለው አንቀጽ ግን በመጀመሪያ ሲታይ ቀላል መስሎ፣ የማን ወረቀት ዜግነትን ያሳያል የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ኋላ እናያለን።

ጦርነቱና የኬንያ ነጻነት

የጣልያን ጦር በሐምሌ ወር 1932 ዓ.ም. በኬንያ ወገን ያለውን የሞያሌን ምሽግ ከቦ ከጥቂት ቀን ውጊያ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ለቀቀው፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች ተመልሰው ከተማይቱን ያዙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባንዲራ በተፈራረቀበት ቦታ የሚኖር ሰው የማን ተገዥ እንደ ሆነ ቢጠየቅ ምን ይመልስ ነበር? ሰፈሩን ሳይለቅ ገዢው ተለወጠበት እንጂ እሱ ወደ ማንም አልሄደም።

ኬንያ ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ይህ ጥያቄ በሕገ መንግሥት ተጻፈ። በኬንያ የተወለደና ከወላጆቹ አንዱ በኬንያ የተወለደ የእንግሊዝ ተገዥ በዚያ ቀን በራሱ የኬንያ ዜጋ ሆነ። እርሱ ራሱ በኬንያ ተወልዶ ከወላጆቹ ግን አንዱም በኬንያ ያልተወለደ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ አመልክቶ መመዝገብ ነበረበት። ናይሮቢ ላለው ጠበቃ ይህ ግልጽ ነው። በሞያሌ ግን አባቱ በቡርጂ ደጋ፣ እናቱ በሜጋ የተወለዱ፣ እርሱ ራሱ በሄሉ የተወለደ ሰው፣ ማንበብም የማያውቅ ቢሆን፣ የሁለቱን ዓመት ቀጠሮ ማን ይንገረው? ቀጠሮው ካለፈ በኋላም ሰውየው በቤቱ ነበረ፤ ሕጉ ግን ዐልፎት ሄደ።

በዚያው ታኅሣሥ ወር በሰሜን ኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ምክንያቱም ብዙ ሶማሌዎች ከሶማሊያ ጋራ ለመዋሐድ ስለ ፈለጉና የሽፍታ ጦርነት የተባለው ውጊያ ስለ ተነሣ ነው። ውጊያው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ቢበርድም በአገሩ ላይ የተጣለው ልዩ ሥልጣን እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ቆየ። በእንዲህ ያለ ዘመን ሹሙ የሚጠይቀው ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳይሆን ማን እንደ ሆነ ነው፤ የዜግነት ጥያቄም የጸጥታ ጥያቄ ሆነ።

የ1956 ዓ.ም. የኬንያ ሕገ መንግሥት የተመዘገበ ዜጋ የሚገፈፍበትን ምክንያት ዘርዝሮ ነበር። እነርሱም ለአገሩ ታማኝ አለመሆን በቃል ወይም በሥራ ከተገለጠበት፣ በጦርነት ጊዜ ከጠላት ጋራ ከነገደ፣ በተመዘገበ በአምስት ዓመት ውስጥ በዐሥራ ሁለት ወር እስራት ወይም ከዚያ በላይ ከተቀጣ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በውጭ አገር ከኖረ፣ ወይም ዜግነቱን በማታለል ካገኘው የሚሉ ናቸው። በሌላ ክፍሉም ሁለት ዜግነት ያለው ሰው ዕድሜው 21 ሲሆን ሌላውን ካልተወ የኬንያ ዜግነቱን ያጣ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከመሥመሩ በስተ ሰሜንም በስተ ደቡብም ሁለት አገር ያለው ሰው አንዱን የሚያጣበት ሕግ ነበረ።

የ1982 ዓ.ም. የማጣራት ሥራ

የኬንያ መንግሥት በኅዳር ወር 1982 ዓ.ም. በአገሩ ያሉ ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ የሶማሌ ተወላጆች ሁሉ በአጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርበው ዜግነታቸውን እንዲያስረዱ አዘዘ። መታወቂያ ወረቀት ያለውም የሌለውም እኩል ተጠየቀ። ጉባኤው ፊት የቀረበው ሰው ጐሣውንና ንዑስ ጐሣውን እንዲናገር፣ የትውልድ ሐረጉንም እንዲቈጥር ይደረግ ነበር። ያሳመነ ሰው ሮዝ ቀለም ያለው ተጨማሪ ወረቀት ተሰጠው፤ ያላሳመነው መታወቂያው ተወሰደበት፤ ከአገር የተባረሩም ነበሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ የተወለደ ዜጋን ዜግነት የሚገፍ ሥልጣን ለማንም አልሰጠም ነበር። ሥራው የተሠራው በሰዎች ምዝገባ ሕግ ነው። ያ ሕግ መዝጋቢው ተጨማሪ ማስረጃ እንዲጠይቅ የሚፈቅድ እንጂ ስለ ዜግነት መታጣት የሚናገር አይደለም። እንግዲህ በግንባር ሊደረግ ያልተቻለው በጓሮ ተደረገ ማለት ነው። ዜግነቱ አልተገፈፈም ተባለ፤ ዜግነቱን የሚያሳየው ወረቀት ግን ተወሰደ። ወረቀቱ የሌለው ሰው በመንገድ ላይ ባለው ኬላ አያልፍም፣ ሥራ አያገኝም፣ ድምፅ አይሰጥም። ለእርሱ ልዩነቱ ምንድን ነው?

የ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጉዳይ

ወደ ሰሜኑ አገራችን ስንመለስ በዚሁ ነገር ላይ ትልቁን ትምህርት እናገኛለን። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ነጻነት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ በኢትዮጵያ የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆችም ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። ለመመዝገብ የኤርትራ ዜግነት መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ እነዚያ ሰዎች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይጓዙ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠሩ፣ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ይኖሩ ነበር። ዜግነትህን አጥተሃል ያላቸው አልነበረም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ግን የ1922ቱ ሕግ አንቀጽ ተነሣ። በሕዝበ ውሳኔው የተሳተፈ ሁሉ የሌላ አገር ዜግነት ተቀብሏልና የኢትዮጵያን አጥቷል ተባለ። በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ ኤርትራ ተባረሩ፤ ከነሐሴ 1991 ዓ.ም. ጀምሮም በአገር ውስጥ የቀሩት እንደ ውጭ አገር ሰው ተመዝግበው የመኖሪያ ፈቃድ እንዲይዙ ታዘዙ። ባል ሲሄድ ሚስት የቀረችበት፣ አባት ሲሄድ ልጆች የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። በትምህርት ቤትም ተማሪው ወንበሩን ባዶ ትቶ የሄደበትን ቀን የሚያስታውሱ መምህራን አሉ።

ሁለቱ መንግሥታት በ1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተዋዋሉት መሠረት የተቋቋመው የይገባኛል ኮሚሽን ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በሔግ በዚህ ጉዳይ ላይ ፍርዱን ሰጠ። ፍርዱ ለአንዱ ወገን ብቻ ያደላ አይደለም። ኮሚሽኑ እንዳለው ሰዎቹ በሕዝበ ውሳኔው ምክንያት የሁለት አገር ዜጎች ሆነዋል፤ በጦርነት ጊዜም በጸጥታ ምርመራ ተለይተው የተባረሩትን የሁለት አገር ዜጎች ኢትዮጵያ ዜግነታቸውን መግፈፏ ሕገ ወጥ አልነበረም። ነገር ግን በአገር ውስጥ የቀሩትን በጅምላ መግፈፍ፣ በሦስተኛ አገር የነበሩትንም ሳይሰሙ መግፈፍ፣ ሁለት ዜግነት ያልነበራቸውንም አብሮ መግፈፍ ያለ አግባብ የተደረገ ነው ሲል ፈረደ። ከፍርዱ አስቀድሞ በጥር 1996 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ከኤርትራ ነጻነት በፊት ጀምረው በኢትዮጵያ የኖሩት ዜግነታቸውን መልሰው የሚያገኙበት መንገድ ተከፍቶ ነበር።

ከዚህ ፍርድ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። በሕግ የተጻፈ ምክንያት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መረጋገጥ አለበት፤ ሰውየውም መልስ ለመስጠት ጊዜና ቦታ ማግኘት ይኖርበታል። በስም ዝርዝር የሚደረግ መግፈፍ ፍርድ ሊባል አይችልም።

በሌላው ዓለም የታየው

ይህ ነገር የአፍሪካ ቀንድ ብቻ በሽታ አይደለም። የናዚ ጀርመን መንግሥት በኅዳር 1934 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ በውጭ አገር የሚኖሩትን አይሁድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዜግነታቸውን ገፈፈ፤ ንብረታቸውንም ወረሰ። ከዚያ ጦርነት በኋላ በ1941 ዓ.ም. የታወጀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ15ኛው አንቀጹ ማንም ሰው ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ያለ አግባብም ሊገፈፍ እንደማይችል ያወጀው ከዚህ ዓይነት ግፍ በመማር ነው።

በአፍሪካም ዛምቢያን ለነጻነት ያበቃውና ለ27 ዓመታት የመራው ኬኔት ካውንዳ፣ ወላጆቹ ከኛሳላንድ የመጡ ናቸው ተብሎ በመጋቢት 1991 ዓ.ም. በአንድ ፍርድ ቤት አገር የለሽ ተባለ። ኋላ ጉዳዩ ተነሥቶለት ዜግነቱ ተጠበቀ። አገር የመሠረተ ሰው የአባቱን መንደር ተጠይቆ አገር የለህም ከተባለ፣ በሞያሌ ግመል የሚያሰማራ ሰው የአያቱን የልደት ወረቀት ቢጠየቅ ከየት ያመጣል?

ዛሬ የሚሠሩት ሕጎች

አሁን በመሥመሩ በሁለት ወገን የሚሠራውን ሕግ እንመልከት። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ33ኛው አንቀጹ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም ይላል፤ የውጭ ዜጋ ማግባትም ዜግነትን እንደማያስቀር ይደነግጋል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ዐዋጅ ቍጥር 378 ይህን አጽንቶ የ1922ቱን ሕግ ሻረ። በዚህ ዐዋጅ ማንኛውም የመንግሥት ባለሥልጣን በውሳኔው የዜግነት መገፈፍን ሊያዝ አይችልም። እንግዲህ መገፈፍ ቀረ፤ መተው ግን አልቀረም።

መተው ሲባል በግልጽ አመልክቶ መተው ብቻ እንዳይመስለን። የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጠራል። ከወላጁ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ወይም በውጭ አገር በመወለዱ ሁለት ዜግነት ያገኘ ልጅም፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ እንደ ተወ ይቈጠራል። በሞያሌ አባቱ የኢትዮጵያ፣ እናቱ የኬንያ የሆነች ልጅ እንግዳ ነገር አይደለችም። ይህች ልጅ በሁለቱም ሕግ ሁለት አገር አላት። ዕድሜዋ 18 ከሞላ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ዝም ካለች፣ ዝምታዋ እንደ ቃል ተቈጥሮ የኢትዮጵያ ዜግነቷ ይቀራል። የገፈፋት የለም፤ የነገራትም የለም።

በኬንያ ወገን ነሐሴ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ነገሩን አሻሻለው። ከወላጁ አንዱ ኬንያዊ የሆነ ሰው የትም ይወለድ በልደት ዜጋ ነው፤ የሌላ አገር ዜግነት ቢያገኝም የኬንያን አያጣም። ሊገፈፍ የሚችለው የተመዘገበው ዜጋ ብቻ ነው። በ17ኛው አንቀጽ የተጻፉት ምክንያቶችም አራት ናቸው፤ ዜግነቱን በማታለል፣ በሐሰት ቃል ወይም ዋና ነገር በመደበቅ ያገኘ እንደ ሆነ፤ ኬንያ በምትዋጋበት ጊዜ ከጠላት ጋራ ያለ ሕግ የነገደ ወይም የተገናኘ እንደ ሆነ፤ በተመዘገበ በአምስት ዓመት ውስጥ በሦስት ዓመት እስራት ወይም ከዚያ በላይ የተቀጣ እንደ ሆነ፤ በማናቸውም ጊዜ በአገር ክሕደት ወይም ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደበት እንደ ሆነ። ወላጆቹ ሳይታወቁ በኬንያ የተገኘና ዕድሜው ከስምንት ዓመት በታች የመሰለ ሕፃን በልደት ዜጋ ሆኖ ይገመታል፤ የእርሱም ዜግነት የሚነሣው ማታለል መኖሩ፣ ወላጆቹ የሌላ አገር ሰዎች መሆናቸው ወይም በተገኘ ጊዜ ዕድሜው ከስምንት ዓመት በላይ እንደ ነበረ ሲታወቅ ነው።

የቀድሞውን ሕግና የአሁኑን ያነጻጸረ ሰው ልዩነቱን ያያል። የታማኝነት መጕደል የሚለው ሰፊና ልቅ ቃል ቀርቷል፤ በውጭ አገር ሰባት ዓመት መኖርም ምክንያት መሆኑ ቀርቷል፤ የዐሥራ ሁለት ወሩም እስራት ወደ ሦስት ዓመት ከፍ ብሏል። ምክንያት ሲጠብ ሰው ይተነፍሳል።

ነገር ግን የሁለቱ አገሮች ሕግ እኩል ባለመሆኑ ለወሰን ሰው አንድ ወጥመድ ተቀምጧል። ኬንያዊው የኢትዮጵያን ወረቀት ቢይዝ በኬንያ ሕግ ዜግነቱ አይነካም፤ ኢትዮጵያዊው የኬንያን ዜግነት ቢወስድ ግን በኢትዮጵያ ሕግ የራሱን ያጣል። በስዋሂሊ ኪፓንዴ የሚባለውን የኬንያ መታወቂያ ለሥራና ለመንገድ ብሎ የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ሳይነገር አይቀርም።

ያልተጻፈው መንገድ

ሕጉ እንዲህ ተሻሽሎ ሳለም በሰሜን ኬንያ መታወቂያ ለመውሰድ የሚቀርብ ወጣት ከሌላው አገር ልጅ በተለየ በአጣሪ ጉባኤ ፊት መቆም ለብዙ ዓመታት ግዴታው ሆኖ ኖረ። የወላጆቹን፣ አንዳንድ ጊዜም የአያቶቹን ወረቀት ያመጣ ዘንድ ይጠየቅ ነበር። በጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በዋጂር ተገኝተው ይህ ልዩ ማጣሪያ እንዲቀር የሚያዝ ዐዋጅ ፈርመዋል። ዐዋጅ መፈረሙ መልካም ነው፤ የሚፈጸመው ግን በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ነው።

በኢትዮጵያም ወገን ሞያሌ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ሁለት አስተዳደሮች ያሉባት ከተማ ስለ ሆነች የቀበሌ መታወቂያ ራሱ የክርክር ነገር ሆኖ ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ የሚሰጠው ፋይዳ የተባለው መታወቂያም የነዋሪነት ማስረጃ እንጂ የዜግነት ማስረጃ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ወረቀት ለሌላው እየተካ ሊሳሳት ይችላል።

ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው የሌላው መጠጊያ መሆናቸውንም ታሪክ አሳይቷል። በ2006 ዓ.ም. በኬንያ ሞያሌ ግጭት ሲነሣ በሺህ የሚቈጠሩ ኬንያውያን ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ፤ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ሸሹ። የሸሸ ሰው ግን ስደተኛ ሆኖ ሲመዘገብ መዝገቡ ከእርሱ ጋራ ይቀራል። በሰሜን ኬንያ በረሃብ ጊዜ ለእህል ሲሉ በስደተኞች መዝገብ ስማቸውን ያስጻፉ ኬንያውያን፣ ዕድሜያቸው ደርሶ መታወቂያ ሲጠይቁ ስደተኛ ናችሁ ተብለው ተከልክለዋል። እንጀራ የፈለገበት መዝገብ ዜግነት አሳጣው ማለት ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የጋራ የወሰን መቈጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ሲከፍቱ የዕቃ መተላለፊያ ቀለለ፤ የሰውን ማንነት ማስረዳት ግን ያን ያህል አልቀለለም።

ከመምህር ምን ይጠበቃል

ከላይ የተባለውን በሦስት እንጠቅልለው። መገፈፍ ባለሥልጣን በሕግ የተጻፈ ምክንያት ጠቅሶ የሚያደርገው ሥራ ነው፤ ተቃውሞውም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። መተው፣ የታወቀም ይሁን ሕግ የሚገምተው፣ ከሰውየው ሥራ ወይም ዝምታ የሚወለድ ነው፤ መድኀኒቱም አስቀድሞ ማወቅና በጊዜው ማስታወቅ፣ ካለፈም ወደ አገር ተመልሶ፣ ሌላውን ትቶ ማመልከት ነው። መጠርጠር ግን በሕግ ስም የለውም፤ መድኀኒቱ ማስረጃ ነው። ማስረጃውም ከየት ይገኛል ቢባል ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤት መዝገብ ነው።

በወሰን አገር የልደት ወረቀት ያልወጣለት ልጅ ብዙ ነው፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ስሙ ያልተጻፈ ግን ያነሰ ነው። መምህሩ በአንደኛ ክፍል የጻፈው የልጁ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የተወለደበት መንደርና ዓመት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ያ ልጅ በሹም ፊት ሲቆም የሚናገርለት ምስክር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መዝገቡን አጥርቶ መጻፍ፣ ከምስጥና ከዝናም መጠበቅ፣ ስሙንም በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ ከትምህርት አሰጣጥ ያላነሰ ሥራ ነው። ሙሐመድን አንድ ዓመት መሐመድ፣ ሌላ ዓመት ማሕሙድ ብሎ የጻፈ መምህር ለጠርጣሪው ሹም በር ከፈተለት ማለት ነው። ዜግነትን በግምት መጻፍም የመምህር ሥራ አይደለም፤ የሚያውቀውን ይጻፍ፣ የማያውቀውን ለወላጅ ይተው።

ሁለተኛው የመምህር ግዴታ ሕጉን ለታላላቆቹ ተማሪዎች ማስረዳት ነው። በሥነ ዜጋ ትምህርት የባንዲራውን ቀለምና የመንግሥትን አካላት የምናስተምረውን ያህል፣ ዕድሜው 18 ሊሞላ የተቃረበውን ተማሪ አንድ ዓመት ብቻ እንዳለው፣ ሁለተኛ መታወቂያ መያዝ ምን እንደሚያስከትል፣ ተከልክሎም እንደ ሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ እንደሚችል መንገር ይገባናል። ይህን ለማስተማር የሕግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ዐዋጁን ማንበብ ይበቃል።

በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ለሁለቱ ወገን ሕዝብ ውኃው እንዳይከለከል አዘዘ። የወሰኑ ጸሐፊዎች ለከብቱ ያሰቡትን ያህል ለልጁ ማሰብ ለእኛ ዘመን የቀረ ሥራ ነው። የሞያሌ ልጅ፣ በሄሉም ይወለድ በማዶ፣ ከሁለት መንግሥታት መካከል ሳይጠየቅና ሳያውቅ አገር የለሽ ሆኖ እንዳይወድቅ የሚያደርገው ደግ ሕግ፣ ቅን ሹምና ጠንቃቃ መዝገብ ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው በእጃችን ያለ ስለ ሆነ በእርሱ እንጀምር።